የመርፌው ሕግና የሚካኤል ቁልፍ፤ ከመንዝ ፒያሳ ደርሶ መልስ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወራት ቢያልፉም፣ ጤና ጣቢያችን የሚመጣ ሰው አሁንም ሕመሙን ከመንገሩ በፊት ስለ ፒያሳ ይጠይቀኛል። ሳል የያዘው ሳሉን ዋጥ አድርጎ «እውነት እዚያ ሱቁ ሁሉ መስታወት ነው?» ይላል። አንዷ ክንዷን ለመርፌ ዘርግታ «ሰዉ ሲሄድ ለምንድን ነው የሚሮጠው?» ትለኛለች። ለእያንዳንዱ ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀ። ስለዚህ ለመሐል ሜዳ ሰው፣ በተለይም ከጣርማ በር ወዲያ ተሻግሮ ለማያውቀው፣ ሁሉንም በተራው ጽፌ ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድን። ጋሽ እሸቴ የአካባቢያችንን ገበሬ ወክለው ብሔራዊ ሸንጎ የገቡ ሽማግሌ ናቸው። ኅዳር እንደጠባ የሸንጎው አንድ ኮሚቴ ድምፅ የሚሰጥበት የሕግ ረቂቅ ደረሳቸው። ረቂቁ ስለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች ነበር፤ የኦፒየም ዓይነት ጉልበት እያላቸው በፋብሪካ ተቀምመው ስለሚሠሩት፣ እኛ ጤና ጣቢያ ፔቲዲን ብለን ስለምናውቀው መርፌና ስለ መሰሎቹ። መድኃኒቱ በከተማ እየሾለከ በየጓዳው መሸጥ ጀምሯል፤ የለመደውም ሰው መተው አቅቶታል። ስለዚህ ከእንግዲህ ሐኪም ካለበት ሆስፒታል በቀር የትም እንዳይቀመጥ ይላል ረቂቁ። ጋሽ እሸቴ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው፤ የመድኃኒቱ ስም ግን ምላሳቸው ላይ አልቆም አላቸው። «አንተ ነርስ ነህ፤ አብረኸኝ ሂድና አስረዳኝ» አሉኝ።

እኔ ግን የምሄደው ለማስረዳት ብቻ አልነበረም። የድሮ አከራዬ እትዬ በለጡ ጡታቸው ላይ የጀመረው ነቀርሳ አጥንታቸው ገብቷል። ማታ ማታ ያቺን መርፌ ካልወጋኋቸው ሕመሙ አያስተኛቸውም። ከወጋኋቸው ይተኛሉ፣ ሲነጋም ጎረቤቱን ሁሉ በቀልድ ያምሳሉ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንዳይሄዱ፣ ሎሪ ላይ ቀኑን ሙሉ መናጥ አይችሉም። ረቂቁ እንዳለ ከጸደቀ መድኃኒቱ ከእኛ ይሰበሰባል፤ እትዬ በለጡም ከሕመማቸው ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን።

እስክመለስ ማታ ማታ መርፌውን እንዲወጋቸው ለጤና ረዳቱ አደራ ሰጥቼ ልሰናበታቸው ስገባ ግን፣ ስለ ሕጉ ብዙም አላወሩም። «ሕጉን እሸቴ ይሟገትበት» አሉኝ። «አንተ ከፒያሳ ኬክ አምጣልኝ፤ ነጭ ክሬም ያለበት። ኮረዳ ሳለሁ አንድ ሾፌር አመጣልሻለሁ ብሎኝ ይኸው እስካሁን እየጠበቅኩት ነው።»

«አመጣለሁ፣ እትዬ።»

«የነቢያት ጾም ሳይገባ ነው ታዲያ። ከገባ በኋላ ብታመጣው፣ ቅቤ ይዘህ ልታስገድፈኝ እንደመጣህ ለንስሐ አባቴ ነው የምከስህ!»

ሰኞ

በጎሹ ሎሪ ተነሣን። ጎሹን የማያውቀው የለም፤ በየሳምንቱ በግና ገብስ ጭኖ ይወርዳል። እሱ ጋቢና ውስጥ ለእኔና ለጋሽ እሸቴ ቦታ ሰጠን፤ ቦርሳዬን ግን ከኋላ ከበጎቹ ጋር ወረወረው። ጋሽ እሸቴ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ወፍራም ባናቸውን ተከናንበው መሐል ተቀመጡ። ሰላማችን የቆየው እስከ መጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

«አቁም እንጂ! ልሳለም» አሉ።

«ጋሼ፣ መንዝ ላይ በየቤተ ክርስቲያኑ ከቆምኩ ለፋሲካ ነው የምንደርሰው» አለና ጎሹ ቴፑን ከፍ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ባለፍን ቁጥር ጋሽ እሸቴ ባናቸው ውስጥ ሆነው ያማትባሉ፣ ጎሹ ደግሞ ያፏጫል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ እሳቸው። «ይልቀሙልኛ፣ ሎሪው ሰፊ ነው» ይላል እሱ። ደብረ ብርሃን ስንወርድ ጋሽ እሸቴ ጆሮዬ ላይ ተጠግተው «እንዲህ ያለ ሰው እንኳን ሰው፣ በግም አደራ አይሰጠው» አሉኝ።

ጎሹ እዚያው የሚያራግፈው ስላለው አውቶቡስ እንድንይዝ መከረን። ረቡዕ እሱም አዲስ አበባ እንደሚሆን፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለ ጋራዥ ሎሪውን እንደሚያሠራና ከዚያው ወደ መሐል ሜዳ እንደሚመለስ ነገረን። ቦርሳዬን ሳወርድ አንዱ ሙክት ጨርቁን ገፍቶ የረቂቁን የመጀመሪያ ገጽ ግማሽ በልቶታል። ደነገጥኩ። ጋሽ እሸቴ ግን የተረፈውን ገጽ አገላብጠው አዩና «እሱ እንኳ ሳያነብ ነው ያጸደቀው» አሉ።

ደብረ ብርሃን ያደርንበት ቤት ባለቤት ስለ ብርዱ ይቅርታ እየጠየቀች ሁለት ብርድ ልብስ ጨመረችልን። የእኛን ጓሳ ሜዳ ብታይ ምን ልትል ነው! ሽሮዋ ግን ትኩስ ነበረች፤ እኛ ቤት የማይታየው ቃሪያም ነበረበት። በብርድ ልብሷ ላብ አጥምቆን አደረ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ አስፋልት ላይ ሲሄድ ሎሪ የለመደ ወገብ ነገሩን ማመን አይፈልግም። ጋሽ እሸቴ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የነቁት አዲስ አበባ መግቢያ ኬላው ላይ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ለፍተሻ ሲወርድ ነው።

ፈታሹ ለጋ ወታደር ነበር። «አባቴ፣ ባናዎን ገለጥ ያድርጉልኝ» አላቸው በትሕትና። ገለጡ። አንገታቸው ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ፣ ስንዝር የሚያህል የብረት ቁልፍ ብቅ አለ።

«ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?»

ጋሽ እሸቴ ዝቅ ብለው አዩት። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ወይኔ እሸቴ! ወይኔ ሚካኤል!» ብለው ሲጮኹ ወታደሩ ወደኋላ ተስፈነጠረ።

ነገሩ ለመሐል ሜዳ ሰው ግልጽ ነው፤ ለሌላው ግን ላስረዳ። የሚካኤል ዕቃ ቤት፣ አልባሳቱና ጥላው የሚቀመጥበት፣ በሦስት ቁልፍ ነው የሚዘጋው። አንዱ ቄሰ ገበዙ ዘንድ፣ አንዱ መሪጌታው ዘንድ፣ ሦስተኛው ሕዝቡ በመረጠው ሽማግሌ ዘንድ ይቀመጣል። ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። ሽማግሌው ጋሽ እሸቴ ናቸው። ቁልፉ ከአንገታቸው ስለማይወርድ እንደ ገላቸው ሆኖ፣ እንደያዙት ረስተውት ነው የመጡት። የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ደግሞ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ዕቃ ቤቱ ካልተከፈተ ታቦቱ ያለ ጥላ፣ ካህናቱ ያለ ልብሰ ተክህኖ ሊወጡ ነው።

ወታደሩ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰማ። «ታዲያ አሁን ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ፤ ፍተሻውን ረስቶት ነበር።

«እመለሳለሁ» አሉ ጋሽ እሸቴ።

ኮሚቴው ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ነው፤ ከተመለሱ እሳቸው በሌሉበት ሊሰጥ ነው። እኔ ነርስ ብቻ ነኝ፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አፍ የለኝም። እየለመንኩ አውቶቡሱ ላይ መልሼ አስገባኋቸው፤ ቢያንስ አድረን እንምከር ብዬ።

ከአውቶቡስ ተራ ወደ ፒያሳ የሄድነው «ውይይት» በሚሏት ታክሲ ነው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ ይቀመጣል፤ የእኛ ሰው ቢሆን እንዲህ ተፋጦ ሰላም ሳይባባልና የማን ልጅ ነህ ሳይባባል አይቀርም ነበር። እዚያ ግን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ፒያሳ ስንወርድ ወርቅ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ የጫማው መስታወት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መንገዱ ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ ይህ ብቻ አገራችንን ይመስላል። ጋሽ እሸቴ ግን አንዱንም አላዩም። አንገታቸውን ይዘው «ዛሬ ማክሰኞ፣ ነገ ረቡዕ…» እያሉ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ባናቸውን ያየ አንድ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ብርዱን ይዘውት መጡ እንዴ?» ብሎ ሲያልፍ እንኳ አልሰሙትም።

ያረፍነው እትዬ ሸምሲያ አልጋ ቤት ነው። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለች፣ ጠባብ ግን እንደ ሙሽራ ቤት የጠዳች ናት። እትዬ ሸምሲያ ከስልጤ አገር ልጅ ሆነው የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ፒያሳ የጨረሱ ሙስሊም ሴት ናቸው። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት ጫማውን ነው። የእኔን ጭቃ አይተው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ውኃና ቡሩሽ አመጡልኝ። ለእራት ደግሞ ገና ሳንጠይቅ «ሥጋ አላቀርብላችሁም፤ የእኔን እናንተ አትበሉ፣ የእናንተን እኔ አልሠራ። ቆጮ በጎመንና በአይብ ይሁን፣ ሁላችንም በሰላም እንደር» አሉ።

ጋሽ እሸቴ ቆጮ ቀምሰው አያውቁም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ብዙ አላመጡት። «ከእኛ የገብስ ቂጣ ይለሰልሳል» አሉ በመጨረሻ፤ ለአንድ የመንዝ ሰው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ሦስቴ ጨመሩላቸው።

እትዬ ሸምሲያ የመጣንበትን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ይዝጉት!» አሉ። «ያን መርፌ ከምድር ያጥፉት!» ከዚያም ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ወንድማቸው ወደ ከድር አዩ። ከድር የክፍሎቹን ቁልፎች የሚሰጥና የሚቀበል፣ ሲሄድ ትንሽ የሚያነክስ ዝምተኛ ሰው ነው። ጦር ሜዳ እግሩን ቆስሎ ሲመጣ መርፌው ሕይወቱን አተረፈለት። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ግን መርፌው አልለቀው አለ። ያንን የተወበትን ጊዜ እህቱ ዛሬም ሊያነሡት አይወዱም።

እኔ ስለ እትዬ በለጡ ሕመም ማስረዳት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ከድር ራሱ ተናገረ። «እህቴ፣ እኔን ያጠፋኝ መርፌው ብቻ አይደለም። ሕክምና ላይ በነበርኩበት ቤት የመድኃኒቱን ክፍል ቁልፍ አንድ ሰው ብቻውን ነበር የሚይዘው። ብቻውን ይከፍታል፣ ብቻውን ይዘጋል፤ ለእኔም የሸጠልኝ እሱ ነው። አጠገቡ ሌላ ሰው ቢኖር ምን ይሸጥ ነበር?»

ጋሽ እሸቴ አይቡን ትተው ቀና አሉ። «ብቻውን?» አሉ። «ባንድ ቁልፍ?» እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ እስክንተኛ ድረስ አንድም ጊዜ እመለሳለሁ አላሉም። የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ግን «ሁለቱንም ማድረግ አለብኝ» አሉኝ። «ቁልፉ ይሂድ፤ እኔ ልቅር። ግን ማን ይውሰደው?»

ማን እንዳለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስሙን ለመጥራት ግን ደፋሩ ጠፋ።

ረቡዕ

ጎሹን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ከሎሪው ሥር አገኘነው። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ጋሽ እሸቴ ለእግሩ ተናገሩ፦ «ጎሹ፣ አንድ አደራ አለኝ።»

እግሩ ቀጥ አለ። ዘይት የነካው ፊቱ ብቅ ሲል ነገሩን በሙሉ ነገሩት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። «የሚካኤል? የእኛ ሚካኤል? እናቴ እዚያ እኮ ነው የተቀበረችው» አለ። ወዲያው እጁን ዘረጋ።

«እንዲህማ አይሆንም!» አሉ ጋሽ እሸቴ። «ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በሦስት ምስክር ፊት ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

ጎሹ ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «እሺ፣ ግን ማኪያቶ ሳልጠጣ ምንም አልረከብም» አለ።

የፒያሳን ኬክ ቤት የረገጥነው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። ወገኖቼ፣ ያን ባንኮኒ ብታዩት! በመስታወቱ ውስጥ ነጩ፣ ቡኒው፣ ቀዩ፣ የተደራረበው ኬክ ተሰልፏል። የእትዬ በለጡን ዓይነት ወዲያው ለየሁት፤ የምገዛው ግን ሐሙስ ማታ ነው። የቡናው ማሽን ላይ ያለው ሰውዬ «ፋዘር፣ ምን ይሁን?» ሲላቸው ጋሽ እሸቴ «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ወተት አልቀምስም፤ ሻይ» አሉ። እሱም «አራዳ ይጾማል እንዴ!» ብሎ ሻዩን በነጻ ሰጣቸው።

ምስክር መፈለግ ተጀመረ። እኔን ገና ሳልጠየቅ ጣሉኝ። «አብሮኝ የመጣ ሰው ምስክር አይሆነኝም፤ ሊያዳላ ይችላል ይባላል።» መንገድ ሊያሳየን አብሮን የወጣው ከድር ሮጦ፣ ማለት እያነከሰ ሮጦ፣ እህቱን ጠራ። ሁለቱ ሆኑ። ሦስተኛው ባለማሽኑ ነው፤ «እኔ ሥራ ላይ ነኝ» ቢልም የማንም ጆሮ አልሰማው። እትዬ ሸምሲያ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። «እኔ እስላም ነኝ፤ ችግር የለውም?» ብለው ጠየቁ።

«ዓይን የለዎትም?» አሉ ጋሽ እሸቴ።

«አለኝ እንጂ!»

«እንግዲያው ምስክር ነዎት።»

ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። አንገታቸው ላይ ጠፍሩ ያወጣው መስመር ነጭ ሆኖ ይታያል። ባንኮኒው ላይ፣ ስኳሩና ብርጭቆው መሐል አኖሩትና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይህ የመሐል ሜዳ ሚካኤል ዕቃ ቤት ሦስተኛ ቁልፍ ነው። ለጎሹ አስረክቤያለሁ፤ እሱም ለቄሰ ገበዙ በሦስት ምስክር ፊት ያስረክባል። እዩልኝ፣ ስሙልኝ» አሉ። ኬክ ቤቱ ሙሉ ሰው ሹካውን አስቀምጦ አየ። ጎሹ እጁን በሱሪው ጠርጎ ቁልፉን አነሣ፣ ሳመው፣ አንገቱ ላይ አጠለቀው። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ከጥግ እልል አለች። ለምን እንደሆነ ያወቀች አልመሰለኝም፤ ግን ደስ አለን።

ከቀትር በኋላ ጋሽ እሸቴ ፒያሳን አዩ። አንድ መስታወት ፊት ቆመው ጫማ እያዩ «ስንት እግር ነው ያላቸው እነዚህ ሰዎች?» አሉኝ።

ሐሙስ

ስብሰባው ሥላሴ ግድም ካለ አዳራሽ ነበር። ተወካዮቹ ከፊት፣ እኛ «አስረጂ» የተባልነው ከኋላ ተቀመጥን። ወንበሩ ይሰምጣል። በእኛ አገር ሸንጎ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ድንጋይ ስለሚቀዘቅዝ ንግግር አይረዝምም። እዚህ ረቂቁ ተነብቦ ሳያልቅ ከጎኔ ያለው አስረጂ አንኮራፋ።

ረቂቁን ያቀረበው ሰው ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ከድርን እያሰብኩ ራሴን ነቀነቅሁ። እትዬ በለጡን ሳስብ ደግሞ አንገቴ ቀጥ አለ። ጥቂት ተወካዮች ተነሥተው ረቂቁን አመሰገኑ። ጋሽ እሸቴ አልተነሡም። «ይነሡ እንጂ!» እያልኩ በልቤ እለምናለሁ፤ እሳቸው ጢማቸውን ያሻሉ። ሰብሳቢው «የምትደግፉ?» አለ። እጅ ሁሉ እንደ ደን ቆመ። አንድ እጅ ብቻ ባና ውስጥ ቀረ።

«የምትቃወሙ?» አለ ሰብሳቢው፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ማን ይቃወማል ብሎ!

ጋሽ እሸቴ ብድግ አሉ። ያንኮራፋው እንኳ ነቃ። በዚህ ዘመን እንዲህ ባለ ቦታ ለተቃውሞ መነሣት ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

«ጓድ፣ ይቃወማሉ?»

«አልቃወምም።»

«ስለዚህ ይደግፋሉ።»

«እሱንም አላልኩም። ቃል የቀረው አለ ወይ ብለው እስኪጠይቁ እጠብቅ ነበር። እኛ አገር ያ ሳይጠየቅ ፍርድ አይዘጋም። እርስዎ ሳይጠይቁ አለፉት።»

አንዱ ከኋላ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲህ ቃል የቀረው አለ ወይ ብያለሁ። ይናገሩ፣ ባጭሩ።»

«መድኃኒቱ ይጠበቅ፤ እኔም እደግፋለሁ። ፒያሳ ባረፍኩበት ቤት መርፌው ያጠቃውን ሰው አይቻለሁ። እኛ መንዝ ደግሞ ያለዚህ መርፌ የማትተኛ እናት አለች። ሌባ አለ ብላችሁ ከእሷ ብትወስዱ የተቀጣችው እሷ ናት። ያን ሰው ያጠቃው ቁልፉን ብቻውን የያዘው ነው። እኛ የሚካኤልን ዕቃ ቤት በሦስት ቁልፍ ነው የምንዘጋው፤ ሦስት ሰው ካልተገናኘ አይከፈትም። ከአያቶቻችን ጀምሮ አንድ ሻሽ አልጠፋም። መርፌውንም እንዲሁ አድርጉት።»

መልስ የመስጠት ዕድል የተሰጠው አቅራቢ ግን ከባድ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ከሦስቱ አንዱ መንገድ ቢሄድስ?» አለ። «በሽተኛዋ ሌሊቱን ልትጠብቀው ነው?»

ጋሽ እሸቴ ፊታቸው ቀላ። ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ የሚያውቅባቸው ከእኔ በቀር የለም። አንገታቸውን ገልጠው ነጩን የጠፍር መስመር አሳዩ። «አንዱ ሄዷል» አሉ። «እኔ ነኝ። ቁልፉን አንጠልጥዬ እዚህ ድረስ መጣሁ፤ ሚካኤል ተቆልፎበት!» ከዚያ ኬላውን፣ ጎሹን፣ ኬክ ቤቱን፣ እትዬ ሸምሲያን፣ ሁሉንም ዘረገፉት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ሰብሳቢው ራሱ በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ። «እና እንዲህ ብላችሁ ጻፉ» አሉ ሳቁ ሲበርድ። «ቁልፍ ያዥ ከአገሩ ሲርቅ በምስክር ፊት ያስረክብ። ሰው ይረሳል፤ እኔም ረስቻለሁ።»

ሰብሳቢው ግን ፊቱን መልሶ አኮሰተረ። «ጓድ፣ ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። እኛ የምንሠራው በሳይንሳዊ መንገድ ነው።»

«ሳይንስ በር አይቆልፍም?»

ያን ጊዜ አንድ የጦር መኮንን ተወካይ እጁን አነሣ። «የእኛም መሣሪያ ግምጃ ቤት ከአንድ በላይ ቁልፍ ነው ያለው» አለ። ሰብሳቢው እንደ ተገላገለ ሰው ተነፈሰ። «እንግዲያው እንደ መሣሪያ ግምጃ ቤት ተብሎ ይመዝገብ!» አለ። ሚካኤል ከቃለ ጉባኤው የወጣው በዚህ ዓይነት ነው፤ ቁልፉ ግን ቀረ። ሐኪም የሌለበት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን በሦስት ሰዎች ቁልፍ ዘግቶ እንዲይዝ፣ አንዱ ቁልፍ ሕዝቡ በመረጠው ሰው እጅ እንዲሆን፣ ከአገሩ የሚርቅ ቁልፍ ያዥ በምስክር እንዲያስረክብ ተጽፎ እንደገና ተነበበ። እጅ ሁሉ ወጣ፤ ከባናውም ጭምር። እኔም ከአስረጂዎቹ ወንበር ላይ ሆኜ ሳላስበው አንሥቼ ኖሮ፣ ጎኔ ያለው ሰው ጎትቶ አወረደልኝ።

ማታ ኬኩን ገዛሁ። ባለማሽኑ ካርቶኑን በሪባን ሁለት ዙር ጠፈረውና «ቁልፉ ደረሰ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። የማያውቀው አገር ጉዳይ አሳስቦት ነበር።

ዓርብና ቅዳሜ

በማለዳ ስንወጣ የፒያሳ ሰው ለኅዳር ሚካኤል የሚያቃጥለውን ጥራጊ በየደጃፉ ይከምር ነበር። እትዬ ሸምሲያ ለመንገድ ዳቦ ቋጠሩልን፤ ብንለምናቸውም የቆጮውን ሒሳብ አልቀበልም አሉ። ከድር ጋሽ እሸቴን ጨብጦ እጃቸውን ሳይለቅ ቆየ።

ኬላው ላይ ያው ወታደር ነበር። «አባቴ! ቁልፉስ?» ብሎ ሮጦ መጣ። ተልኳል ሲሉት ደስ ብሎት ከሄደ በኋላ ሥራው ትዝ አለውና ተመልሶ ካርቶኑን አስፈታኝ። ኬኩን በጣቱ ጫፍ ነካው፣ ጣቱን ላሰው፣ «ፈንጂ አይደለም» አለ። ሪባኑን መልሶ ሲያስር ክዳኑ ጎበጠ። የቀረውን ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን የያዝነው ሎሪ ጨረሰው፤ በየጉድጓዱ ስንዘል ውስጡ ሲንሸራተት ይሰማኛል። አንድ ነገር ብቻ ረዳኝ፤ ከጣርማ በር ወዲህ ያለው ብርድ ክሬሙን እንዳይበላሽ ጠበቀልኝ። አዲስ አበባ ይህ ብርድ የላትም።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ እየተበተነ ነበር። ጋሽ እሸቴ ከሎሪው ሳይወርዱ «ጥላው ወጣ?» ብለው ጮኹ። ወጥቷል! ቄሰ ገበዙ እየሳቁ ነገሩን። ጎሹ ሐሙስ ማታ ደርሶ፣ እሳቸው እጃቸውን ቢዘረጉለት «ሦስት ምስክር ካላመጡ አልሰጥም» ብሎ ድርቅ አለ። ሰው ሁሉ እራት ላይ ነበር። ቤት ለቤት እየዞረ ሰዉን ከመሶብ ላይ አስነሣ፤ ከምስክሮቹ አንዱ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ነው የመሰከረው። ጋሽ እሸቴ ጎሹን በሕዝቡ መሐል አዩት፣ ሄደው አንገቱን አቅፈው ሳሙት። እሱም «እንግዲህ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዳያስቆሙኝ» አለ።

እትዬ በለጡ ከትራሳቸው ቀና ብለው ይጠብቁን ነበር። ካርቶኑን ስከፍተው አንዲት የተፈጨች፣ ነጭና ቡኒ የሆነች ነገር ናት ያለችው። አፈርኩ። እሳቸው ግን ጣታቸውን አጥቅሰው ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያ ሾፌር ቢያመጣልኝ ኖሮ አገባው ነበር» አሉ። ቀጥለው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «መርፌዬስ?» አሉ። ድምፃቸው ያን ጊዜ ብቻ ቀጠነ።

«ይኖራል» አሉ ጋሽ እሸቴ። «በሦስት ቁልፍ።»

እትዬ በለጡ አለቀሱ። እኔም አልቻልኩም። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው ኬኩን ለሁላችን በማንኪያ አደሉን።

የጤና ጣቢያውን ሦስተኛ ቁልፍ ያዥ ሕዝቡ ሲመርጥ ጋሽ እሸቴ «ተዉኝ፤ እኔ ቁልፍ ይዤ የምጠፋ ሰው ነኝ» ብለው ለመኑ። «ለዚሁ ነው የምፈልገው» ብለው ላኩባቸው እትዬ በለጡ። «አንዴ የደነገጠ ሁለተኛ አይረሳም።» እውነታቸውን ነበር። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ፣ ነፋሱ ቢያፏጭም ውርጩ ቢወርድም፣ ጋሽ እሸቴ ባናቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፤ የጤና ጣቢያው አስተዳዳሪ፣ እሳቸውና እኔ ሦስቱን ቁልፍ እናዞራለን፤ ከዚያም መርፌውን ይዤ ስሄድ እስከ ደጃፋቸው ይሸኙኛል። እትዬ በለጡ የቁልፎቹን ቅጭልጭልታ ከግቢው ሲሰሙ ሕመሙ ያኔውኑ ጓዙን መሸከፍ ይጀምራል ይሉ ነበር።

ጥምቀትን አይተው ዐረፉ። እስከዚያች ቀን አንዲት ምሽት አልተጓደለችባቸውም።

ከቀብራቸው ማግሥት፣ በተለመደው ሰዓት፣ ጋሽ እሸቴን ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁልፋቸውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው።

«ማን ታመመ፣ ጋሽ እሸቴ?»

«ማንም አልታመመም» አሉኝ። «እግሬ ነው ያመጣኝ።»

ወንበር አወጣሁላቸው፤ እስኪጨልም አብረን ተቀመጥን።